ከቦታው በፊት ወሩን፦ የመጪውን ዓመት የጉዞ መዳረሻ አመራረጥ

በኦክቶበር መጨረሻ በዛምቢያ በኩል ቪክቶሪያ ፏፏቴ ፊት ቆሜ ያየሁት ድንጋይ ነው። 108 ሜትር ቁመት ያለው ጥቁር፣ ደረቅ ድንጋይ። ውሃው ከወዲያ ከዚምባብዌ ወገን ሲያጓራ ይሰማል፤ እኔ ፊት ለፊት ግን ከገደሉ ጫፍ የምትወርድ ቀጭን መስመር ብቻ ነበረች። ቦታውን የመረጥኩት ፎቶ አይቼ ነው። ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሣ መጠየቅ ትዝ አላለኝም። የዛምቤዚ ወንዝ ሞልቶ ገደሉን የሚያለብሰው ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ነው፤ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ የዛምቢያው ክፍል ሊደርቅ ምንም አይቀረውም።

ከዚያ ወዲህ መዳረሻ የምመርጥበት ቅደም ተከተል ተገለበጠ። ድሮ አገር እመርጥና ለአገሩ የሚሆን ቀን እፈልግ ነበር። አሁን በእጄ ያለውን ቀን አስቀድሜ፣ «በዚህ ጊዜ የትኛው የዓለም ክፍል አምሮበት ይቆየኛል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወራቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍኳቸው ትኬቱም ቪዛውም የሚሠራው በዚያ ስለሆነ ነው።

1. የአገር ስም ሳይጠሩ ይጀምሩ

አንድ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሕጉ አንድ ነው፦ የአገርም የከተማም ስም አይጻፍም። የሚጻፈው እዚያ ሆነው ማድረግ የሚፈልጉት ነገር ነው። «ጃፓንን ማየት» ብዙም የማይረዳ ምኞት ነው፤ ምን ሲያዩ ልብዎ እንደሚሞላ አይናገርም። «ሰው ሳይነቃ፣ አበባ በሸፈነው መንገድ በእግሬ መሄድ» ካሉ ግን ወሩም፣ ሰዓቱም፣ የሚያድሩበት ሰፈርም ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይወጣል። ምናልባትም መልሱ ጃፓን ላይሆን ይችላል።

ምንም ካልመጣልዎት ካለፉት ጉዞዎች ይነሡ። ከዓመታት በኋላም ለሰው የሚያወሩት የትኛውን ቀን ነው? እኔ ይህን ስሞክር ራሴን ታዘብኩ። የማወራው ሁሉ በባቡር መስኮት አጠገብ ወይም ጎህ ሲቀድ በእግር ስጓዝ የገጠመኝ ነው። ሙዚየም ውስጥ የሆነ ታሪክ አንድም የለኝም። በሄድኩበት ከተማ ሁሉ ግን ሙዚየም በር ላይ ስሰለፍ ኖሬያለሁ፤ ሰው ሁሉ ስለተሰለፈ።

ሦስት ዓረፍተ ነገር ሲሞላ ያቁሙ። በየዓመቱ መጨረሻ «የመጪው ዓመት ምርጥ መዳረሻዎች» እየተባሉ የሚወጡትን ዝርዝሮች ከዚህ በፊት ባያነቡ ይመረጣል፤ የሌላ ሰው ምኞት የራስዎ መስሎ ይገባብዎታል። ከዚያ በኋላ ያንብቧቸው፣ እኔም አነባለሁ። ከሁሉ የሚሻለኝ ግን የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ነው። በ1978 ጋላፓጎስን ጨምሮ በ12 ቦታዎች ተጀምሮ ዛሬ ከ1,200 በላይ ሆኗል፤ ስማቸውን ሰምተን የማናውቃቸው ይበዛሉ። የአንድን አገር ዝርዝር ወደ ታች እየወረዱ ሲያነቡ ማንም ያልተጋፋበት ቦታ እዚያ ይገኛል።

2. ቀኑን ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይቀንሱ

የ10 ቀን ዕረፍት የ10 ቀን ጉብኝት አይደለም። መሄጃና መመለሻው ሲወጣ 8 ይቀራል። የሰዓት ልዩነቱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል፦ ሰውነት ለእያንዳንዱ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ደግሞ ይብሳል። የ8 ሰዓት ልዩነት ወዳለበት አገር ለ6 ቀን የሄደ ሰው እንቅልፉ የሚስተካከልለት ሻንጣውን ሲዘጋ ነው። ከሳምንት ያነሰ ጊዜ ያለው ከ3 ሰዓት በላይ ልዩነት ያለበትን አገር ለሌላ ዓመት ቢያቆየው ይሻላል ባይ ነኝ። በካርታው ላይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ መጓዝ ግን፣ የቱንም ያህል ቢርቅ፣ ሰዓት ብዙ አያዛባም። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም።

ከፍታም ቀን ይበላል። የፔሩዋ ከተማ ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቦሊቪያው የኡዩኒ የጨው ሜዳ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ የሚያድሩበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየ3 እና 4 ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ የተለመደው የሐኪሞች ምክር ነው። ከባሕር ጠለል አጠገብ በአውሮፕላን ተነሥቶ ሁለቱንም በ5 ቀን እጨርሳለሁ ያለ ሰው ግማሹን ጊዜ ራሱን ይዞ አልጋ ላይ ያሳልፈዋል።

በአንድ ጉዞ አራት አገር የሚያዞሩ መርሐ ግብሮች ያጓጓሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ከ10 ቀን በታች ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ማደሪያ ይበቃል።

3. ወሩን ይዘው ዓለምን ይዙሩ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ አንድ ምሽት ሙሉ ይስጡት።

ዕረፍትዎ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ከሆነ የኡዩኒው የጨው ሜዳ በዝናብ ውሃ ስስ ሆኖ ይሸፈንና ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ መስታወት ይሆናል። ሰማይና ምድሩ አይለይም። በዚያው ወራት ግን መንገዱ በውሃ ይያዛል፤ በሜዳው መሀል ወዳለችው ካክተስ የበዛባት የኢንካዋሲ ደሴት መድረስ ላይቻል ይችላል። ከሜይ ጀምሮ ይደርቅና ነጩ ወለል በስድስት ማዕዘን ቅርጾች ይሰነጣጠቃል። ስሙ አንድ ነው፣ ቦታው ግን ሁለት ነው፤ የትኛውን እንደፈለጉ መወሰን የእርስዎ ፋንታ ነው።

የታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ሜዳም እንደዚሁ ነው። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዋይልድቢስቶች፣ ቀንዳም ሳር በል የዱር እንስሳት፣ ዓመቱን ሙሉ ሳርና ውሃ እየተከተሉ ይዞራሉ። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የሚወልዱት በደቡቡ ሜዳ ላይ ነው። አዞ የሞላበትን የማራን ወንዝ ሲሻገሩ የሚታዩት ደግሞ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ በሰሜኑ ጫፍ፣ በታንዛኒያና በኬንያ ድንበር አካባቢ ነው። በፌብሩዋሪ ሰሜን ላይ ካምፕ የያዘ ሰው ባዶ ሜዳ ይጠብቀዋል። በጁላይ ደቡብ የሄደውም ያው ነው።

ማርች ማብቂያና ኤፕሪል መግቢያ የኪዮቶ የቼሪ አበባ ጊዜ ነው። ሙሉ በሙሉ ፈክቶ የሚቆየው አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆን ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል። የኪዮቶ አበባ የፈካበት ቀን ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲመዘገብ የኖረ ነው፤ በ2021 ማርች 26 ላይ ሲፈካ በዚያ ከ1,200 ዓመት በላይ በሚሻገር መዝገብ ውስጥ የቀደመው የለም ተባለ። ስለዚህ ትኬት በአንድ የተቆረጠ ቀን ላይ አይንጠልጠል። አበባው ከደቡብ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ስለሚጓዝና ሰሜናዊቱ ደሴት ሆካይዶ የሚደርሰው በኤፕሪል ማብቂያ ስለሆነ፣ ኪዮቶ ላይ ያመለጠው ባቡር ይዞ ወደ ሰሜን ሊከተለው ይችላል። አሁንም የጃፓናውያንን ተከታታይ የበዓል ቀናት፣ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያሉትን፣ ልብ ይበሉ፤ አገሩ ሁሉ መንገድ ላይ ነው።

የኖርዌይዋ ትሮምሶ ደግሞ ለእኔ የዚህ ምዕራፍ ጥሩ ማሳያ ናት። ከሜይ 20 ገደማ እስከ ጁላይ 22 ገደማ ፀሐይ አትጠልቅባትም፤ ሌሊት በስድስት ሰዓት ተራራ ላይ ሆኖ ፀሐይ መሞቅ ይቻላል። ሰማዩ ካልጨለመ ግን የሰሜን ብርሃን የሚባለው አረንጓዴ መጋረጃ አይታይም፤ ለእሱ ከሴፕቴምበር እስከ ማርች መሄድ ነው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ የተመኘ ሰው አንዱን መተው ግድ ነው።

ከኖቬምበር እስከ ማርች በመካከለኛው ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ከካናዳና ከአሜሪካ የመጡ የሞናርክ ቢራቢሮዎች ዛፎቹን ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ይሸፍኗቸዋል። የካምቦዲያን ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች፣ አንኮርን፣ ለማየትም ሙቀቱ የሚቀልበት ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው ጊዜ ነው። በዚያው ወቅት በደቡቡ ንፍቀ ክበብ በጋ ስለሆነ የደቡብ አሜሪካ ጫፍ ፓታጎንያና ኒውዚላንድ ክፍት ናቸው፤ ወደ አንታርክቲካ የሚሄዱ የጎብኚ መርከቦችም የሚንቀሳቀሱት ያኔ ነው። የካሪቢያን ሆቴሎች በሴፕቴምበር ሲረክሱ ካዩ ምክንያት አለው፤ የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው።

በዓላትን ከተፈጥሮው ጋር አብረው ያገናዝቡ። የጨረቃን አቆጣጠር የሚከተሉ በዓላት ይንቀሳቀሳሉ፦ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፣ የቻይናውያን አዲስ ዓመት በጃንዋሪ ማብቂያና በፌብሩዋሪ መካከል ይዋዥቃል። በበዓል መሄድ መጥፎ አይደለም፤ ሳያውቁ መሄድ ነው መጥፎው።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገርም ዓመቱን ሊወስንልዎ ይችላል። በኦገስት 12 ቀን 2026 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ግሪንላንድን፣ አይስላንድንና ስፔንን ያቋርጣል፤ በኦገስት 2 ቀን 2027 ደግሞ ደቡብ ስፔንንና ሰሜን አፍሪካን ይሻገርና ግብፅ ሉክሶር አካባቢ ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ጨረቃ ቀጠሮ አታፈርስም፤ ደመናው ነው የማይታመነው። በዚህ ረገድ ሉክሶር ከአይስላንድ ይሻላል፣ የኦገስት ሙቀቷ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው።

ሰው የሚሰጠውን ቀጠሮ ግን እንደ ጨረቃዋ አይመኑ። የካይሮው ታላቁ የግብፅ ሙዚየም የምረቃ ቀኑ ለዓመታት ሲገፋ ሲገፋ ቆይቶ በይፋ የተመረቀው በኖቬምበር 2025 ነው። የፓሪሱ ኖትር ዳም በኤፕሪል 2019 ተቃጥሎ እስከ ዲሴምበር 2024 ተዘግቶ ነበር። ሊከፈት ነው በተባለ ነገር ላይ ጉዞ አይገንቡ፤ ከተከፈተ በኋላ ይሂዱ።

4. የወረቀቱን በር አስቀድመው ያንኳኩ

ልብዎ ከመውደዱ በፊት ፓስፖርትዎ ምን እንደሚፈቅድ ይወቁ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ 6 ወር እንዲቀረው ይጠይቃሉ፤ ባዶ ገጽ የሚቆጥሩም አሉ። አንድ ወዳጄ 5 ወር የቀረው ፓስፖርት ይዞ ከአየር መንገዱ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ተመልሷል፤ ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጥቶ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉታል።

የሸንገን ቪዛ 29 የአውሮፓ አገሮችን በአንድ ፈቃድ ያስገባል። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። እነዚህ በወረቀት ላይ ያሉት ናቸው። የቀጠሮ ወረፋው በዚህ ስሌት ውስጥ አይቆጠርም፤ ከማመልከቻው በፊት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አውሮፕላን የሚቀይሩበት አገር የትራንዚት ቪዛ ይጠይቅ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ርካሽ የሚመስል ትኬት በዚህ ምክንያት ውድ ሆኖ ያርፋል። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ አገር ከሆነ ክትባቱ ከመግባትዎ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከ2016 ወዲህ የምስክር ወረቀቱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ አሮጌውን አይጣሉት።

ከዕጩዎችዎ ቢያንስ አንዱ ቪዛ የማይጠይቅዎ ወይም በኢንተርኔት የሚሰጥ አገር ይሁን። የኤምባሲው መልስ «አይሆንም» ቢሆን ዓመቱ ባዶ አያልፍም።

5. ሰልፉን ለመሸሽ

ቬኒስ ውለው ከሚመለሱ ጎብኚዎች በተመረጡ ቀናት የመግቢያ ክፍያ መቀበል የጀመረችው በኤፕሪል 2024 ነው። የታይላንዷ የባሕር ዳርቻ ማያ ቤይ በጎብኚ ብዛት ኮራሏ ተጎድቶ ከ2018 እስከ 2022 መግቢያ ድረስ ተዘግታ ነበር፤ ዛሬም በኦገስትና በሴፕቴምበር ትዘጋለች። ቦታው በጣም ከታወቀ ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የምፈልገው ይህንን ቦታ ነው ወይስ በቦታው ያለውን ነገር? ነገሩን ከሆነ ተተኪ አለ። የቆዩ የእንጨት ቤቶችና የአትክልት ስፍራ ለሚፈልግ ሌላዋ የጃፓን ከተማ ካናዛዋ ከኪዮቶ ትረጋጋለች። የኢንካን ከተማ በጸጥታ ማየት ለሚሻ ደግሞ በፔሩ ቾኬኪራው አለ፤ ባቡር አይደርስበትም፣ ጥልቅ ሸለቆ ወርዶ ዳግም መውጣት ነው፣ ስለዚህም ሰው አይጋፋበትም።

ተተኪ የሌላቸውም አሉ። አንኮር ዋት አንድ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ቦታውን ሳይሆን ሰዓቱን ይቀይሩ። ቤተ መቅደሱ ፊቱን ወደ ምዕራብ ስላዞረ ጎህ ሲቀድ ፀሐይ ከጀርባው ትወጣለች፤ ለዚያች ጥላ ሲል ሰው ሁሉ በሌሊት ኩሬው ዳር ይሰበሰባል። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ፊት ለፊት ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ቅርጻ ቅርጹ ይበልጥ ይታያል፣ ሰውም ይቀንሳል። የቀን ጎብኚ በሚያጥለቀልቃቸው ከተሞች ደግሞ ማደር ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ከተማው ሌላ ይሆናል። የመዝጊያ ቀንም አይርሱ፦ ታጅ ማሃል ዓርብ፣ ሉቭር ማክሰኞ ዝግ ናቸው።

6. ገንዘቡ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። ወጪው ሁለት ክፍል አለው፦ መድረሻውና የየቀኑ። ሩቅ ሆኖ ኑሮው ርካሽ የሆነ አገር ለ3 ሳምንት ያዋጣል፣ ለ4 ቀን አያዋጣም። ቅርብ ሆኖ ውድ የሆነው ተቃራኒው ነው። የየቀኑን ከቀኑ ብዛት ጋር አባዝተው ከመድረሻው ጋር ይደምሩ፣ በድምሩም ይወስኑ፤ በትኬቱ ዋጋ ብቻ አይደናገጡ፣ አይደሰቱም።

7. አብሮ የሚሄድ ካለ

ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፍ፣ ከዚያ ይለዋወጡ። አንድ ላይ ተቀምጦ ከተጻፈ ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ምኞት የሁሉም ይሆናል። የዕድሜና የጤና ገደብም አሁን ይታይ፤ በሩዋንዳና በኡጋንዳ የተራራ ጎሪላ ለማየት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይፈቀድለትም። ይህን እዚያ ደርሰው የሚሰሙ ወላጆች አሉ።

8. ሦስት ዕጩ፣ ሁለት ሳምንት

እስካሁን ያለውን ወንፊት ያለፉ ሦስት መዳረሻዎችን ከነወራቸው ጽፈው ሁለት ሳምንት ይተዉአቸው። ምንም አያስይዙ። በመሀሉ ማንም ሳያስገድድዎት ካርታውን የከፈቱለት፣ ስለ ወፉ ወይም ስለ ባቡሩ ሲያነቡ ያመሹለት የትኛው ነው? ነጥብ በሰንጠረዥ መስጠትም ሞክሬ ነበር፤ ሰንጠረዡ ያሸነፈውን ሳይ ከፋኝ፣ ያኔ ነው ሌላውን እንደምፈልግ ያወቅሁት። ለዚህም ቢሆን ሰንጠረዡ ይጠቅማል።

9. ከሁሉ በፊት የሚያልቀውን ይያዙ

ብዙ ሰው በአውሮፕላን ትኬት ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን በቁጥር በተገደበው ነገር ነው። በፔሩ ወደ ጥንታዊቷ የኢንካ ከተማ ማቹ ፒቹ በእግር በሚወስደው የኢንካ መንገድ ላይ በቀን 500 ሰው ብቻ ይፈቀዳል፤ አስጎብኚዎችና ጓዝ ተሸካሚዎች በዚሁ ቁጥር ውስጥ ስለሚገቡ ለጎብኚው የሚተርፈው ከግማሹም ያነሰ ነው። በፌብሩዋሪ መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን የሚጎበኘው 8 ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ፈቃዱ በእጅ ሲገባ ቪዛ፣ ከቪዛ በኋላ በረራ፣ ከበረራ በኋላ አልጋ። የማይመለስ ትኬት ገዝቶ ፈቃድ ያጣ ሰው አይቻለሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ያ ነው። ቪዛ የሚያመለክቱ ከሆነ ቆንስላው የሚጠይቀው የተያዘ በረራ ማስረጃ ስለሆነ ሊሰረዝ በሚችል ቦታ ማስያዣ ይጠቀሙ።

ያልተመረጡትን ሁለቱን አይጣሏቸው፤ ከነወራቸው ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጡ። የእኔ ተጠባባቂ ዘንድሮም ቪክቶሪያ ፏፏቴ ነው። ከድንጋዩ ጉዞ በኋላ ተምሬያለሁ ብዬ በኤፕሪል ተመልሼ ሄጄ ነበር። ውሃው በርትቶ ጢሱ ሰማይ ደርሶ ነበር፤ ልብሴ እስከ ውስጥ በስብሶ፣ ከፊቴ ካለው ነጭ ጉም በቀር ምንም ሳላይ ተመለስኩ። አሁን ከስሙ ጎን «ጁን ወይም ጁላይ» የሚል ተጽፏል።